ትንሿ ስፖርት መኪና አዳማ ላይ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው እትም እዚህ ዓምድ ላይ ስለ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ ጣሪያዋ ስለሚታጠፈው ባለ ሁለት ወንበር ትንሽ ስፖርት መኪና፣ ጥቂት መስመር ጻፍኩ፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ደብዳቤ በሙሉ ስለሷና ስለ መሰሎቿ ሆኗል። አዳማ ውስጥ ባለ ሁለት ወንበር መኪና በጣት የሚቆጠር ይመስለኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል፣ ግን የሚመኘው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዶቻችሁ ገዝታችኋል፣ አንዳንዶቻችሁ ልትገዙ ነው፣ ጥቂቶቻችሁ ደግሞ የገዛ ሰው አግብታችሁ ተቸግራችኋል። ዛሬ ዓምዱ የእናንተ ነው። የቪትዝና የኮሮላ ጥያቄ የላካችሁ ቅር አይበላችሁ፣ በሚቀጥለው እንገናኛለን።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እ.ኤ.አ. የ1991 ኤምኤክስ-5 አለችኝ፣ ባለ 1.6 ሞተር። ባስ ያለው ትልቅ ሳውንድ ሲስተም አስገጥሜላት ቆንጆ ሆናለች። ግን ፈጣን መንገዱ ላይ ስወጣ የኤሌክትሪክ ቢዋይዲ ዝም ብሎ ያልፈኛል፣ ሃይሉክስ ሳይቀር ያልፈኛል። ጓደኞቼ ሙድ ይዘውብኛል። ቱርቦ ላስገጥም ወይስ ትልቅ ሞተር ላስገባ? (የተበለጠው፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይለፉህ።

ምክንያቱን ላስረዳህ። ያንተ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 115 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። ይህ ቁጥር ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ አየር ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ሞተርህ ፍጹም ጤነኛ ቢሆን እንኳ እዚህ ያለህ ከ95 እስከ 100 ፈረስ ቢሆን ነው። ሃይሉክሱ ቱርቦ አለው፤ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው ጥቂት ነው። ቢዋይዲው ጭራሽ አየር አይፈልግም፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ዳሎልም ውሰደው ራስ ዳሸን ያው ነው። ከሦስታችሁ ከፍታው የሚቀጣው አንተን ብቻ ነው።

ደግሞም መኪናህ ለዚያ ውድድር አልተሠራችም። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ሲያወጣት በልቡ የነበሩት የ1960ዎቹ የእንግሊዝ ትናንሽ ክፍት መኪኖች ናቸው፣ በተለይ ሎተስ ኤላን። ሞተር ከፊት፣ ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ፣ ሁለት ሰው፣ በቃ። ክብደቷ 950 ኪሎ ገደማ ነው። ያለፈህ ሃይሉክስ ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮነኛዋ ኤምኤክስ-5 ከፋብሪካ ወጥታለች፤ ያ ሁሉ ገዢ በፈረስ ጉልበት ብዛት ተታልሎ አይመስለኝም።

እሁድ በጠዋት ፊትህን ወደ አሰላ አዙር። 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመልካሳ አልፈህ አዋሽን ተሻግረህ መንገዱ እየወጣ ይሄዳል፣ አሰላ ስትደርስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነህ። እዚያ ኩርባ ላይ መሪውን ስትነካው አፍንጫዋ ወዲያው ይዞራል፣ ፍሬን ስትይዝ የሚቆመው ትንሽ ነገር ስለሆነ ቶሎ ይቆማል። በ60 እና በ70 እየሄደች ነጂዋን የምታስደስት መኪና ናት። ሃይሉክሱ ያን ያህል እንዲያስደስት ፈቃድህን የሚያስቀማ ፍጥነት ይፈልጋል። ከኩርባው ጀርባ አህያ ወይ ጋሪ ወይ ባጃጅ እንዳለ አስበህ ንዳ እንጂ፣ ሁሌም አለ።

ቱርቦ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ፍሪሲዮን ያስቀይርሃል፣ ራዲያተር ያስቀይርሃል፣ ፍሬን ያስቀይርሃል፣ ከዚያ የቤንዚኑን መጠን የሚያዘውን ኮምፒውተር የሚያስተካክል ሰው ፍለጋ አዲስ አበባ ስትመላለስ ትከርማለህ። ብሩ ካለህ መጀመሪያ የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን አስለካ፣ ካንዴላውንና የካንዴላ ገመዶቹን ቀይር፣ አየር ማጣሪያውን ተመልከት፣ ፍሬኑ ይዞ እንዳይሆን ጎማዎቹን አንስተህ አሽከርክራቸው። በዚህ ዕድሜ ጉልበቷ የጠፋው እዚያ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሳውንድ ሲስተሙን አውርድ። ሳጥኑ፣ ስፒከሩ፣ አምፑ ተደምሮ 50 ኪሎ ከሆነ የመኪናዋ 5 በመቶ ነው፣ በነፃ የሚገኝ ጉልበት እዚያ የኋላ ኮፈን ውስጥ እየደለቀ ነው።

ሳትጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሞዴሏ 1991 ስለሆነ። እስከ 1991 አጋማሽ የተሠሩት 1.6 ሞተሮች የክራንካቸው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) አፍንጫ አጭር ነው። የፊቱን ፑሊ ተመልከት፦ ፊቱ ላይ ያሉት ክፍተቶች 4 ከሆኑ አጭሩ ነው፣ 8 ከሆኑ ረጅሙ። አጭሩ ከሆነ ታይሚንግ ቤልት ሲቀየር የመሃሉ ብሎን በልኩ መጥበቅ አለበት፣ አዲስ ብሎን ሆኖ፣ በቶርክ ቁልፍ። ካልሆነ ፑሊው ቀስ እያለ ይወዛወዛል፣ ማያያዣዋን ትንሽ ብረት ይበላታል፣ በመጨረሻ ክራንኩ ራሱ ይበላሻል። «በእጄ አውቀዋለሁ» ለሚል መካኒክ ይህን ሥራ አትስጥ። ቤልቱ የሚቀየረው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ነው፣ የቀድሞው ባለቤት መቼ እንደቀየረው ካላወቅህ ዛሬ ጊዜው ነው ብለህ ቁጠረው። ደግነቱ የዚህ ሞተር ቤልት ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቭ አይጋጩም። መንገድ ላይ ትቆማለህ እንጂ ቴስታታ አታስወርድም።

ጥያቄ፦ የእኛ ሰፈር መንገድ በጉብታ ብቻ የተሠራ ነው። የመኪናዬ ሆድ ሁሌ ይነካል፤ ያንተው ኤምኤክስ-5 ናት፣ የመጀመሪያዋ ሞዴል። አንድ ጋራዥ «ከሞላው ሥር ብረት አስገብተን በ5 ሳንቲ ሜትር እናሳድጋት» ብሎኛል። ሌላው ደግሞ ትልቅ ቸርኬ አድርግላት ይላል። ትንሿ ጉድጓድ ሁሉ ወገቤን እየሰበረችው ነው። (ወገቤን፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ከሞላውም ከቸርኬውም በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ጎማህ ውስጥ ስንት ነፋስ ነው ያለው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎሚስታው ጋ ስትሄድ ልጁ ዝም ብሎ 35 ይሞላልሃል፤ ታክሲም ይሁን ፒክአፕ ለሱ ሁሉም 35 ነው። ማዝዳ ለዚህች መኪና ያዘዘው 26 ነው፣ ለአራቱም። የምትሸከመው ክብደት ትንሽ ስለሆነ ነው። 35 ስትሞላት ጎማው ድንጋይ ይሆናል፣ ከጉድጓድ ጉድጓድ ትዘላለች፣ ዝናብ ላይ ደግሞ ትንሸራተታለች። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ 26 አድርገህ አንድ ሳምንት ንዳት። ወገብህ ይነግርሃል።

ትልቅ ቸርኬ የሚባለውን እርሳው። ቸርኬው በተለቀ ቁጥር ጎማው ይሳሳል፣ ጉድጓዱን ቸርኬው ራሱ ይቀምሰዋል፣ ክብደትም ይጨምራል፣ ያውም ከሞላው በታች ባለው ክፍል፣ ክብደት ፈጽሞ በማትፈልግበት ቦታ። እንደውም ወደ ሌላ አቅጣጫ እንሂድ። የፋብሪካው ጎማ 185/60 በ14 ነው። ይህን ማግኘት ካስቸገረህ 185/65 በ14 ብታደርግ መኪናዋ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ ጎማውም ወፈር ስለሚል ጉድጓዱን ይውጥልሃል። ፍጥነት መለኪያው ግን በ3 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ 100 ሲል እውነተኛው 103 ነው፣ ራዳር ፊት እንዳትረሳው። መሪው እስከ ጥግ ሲዞር የትም እንደማይነካም አረጋግጥ።

5 ሳንቲ ሜትር ማሳደጉን ግን አልስማማበትም። የመሪው ዘንጎችና ኳሶቹ የተሠሩበት ማዕዘን ይበላሻል፣ ጎማ በአንድ በኩል ይበላል፣ ኩርባ ላይ ትወዛወዛለች። ዝቅ ተደርጋ የተሠራችበትን ጥቅም ነው የምታጠፋው። ከዚያ ይልቅ ሥሯ ግባ። በዚህ ዕድሜ የጭስ ማውጫው የተንጠለጠለባቸው ጎማዎች ለጥጠው ወይ ተበጥሰው ጭስ ማውጫው ወርዶ ይሆናል፣ የሚነካውም እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የነዚህ ማንጠልጠያ ጎማዎች ዋጋ ከሻይና ከብስኩት ብዙም አይበልጥ። ቀጥሎ ሞላዎቹን ተመልከት። የ30 ዓመት ሞላ ይደክማል፣ በአንድ በኩል ካዘነበለች ነገሩ አለቀ። አዲስ በፋብሪካው ልክ ስታስገባ ያጣችውን ቁመት ትመልስልሃለች።

ጉብታውን ደግሞ በሰያፍ ውጣው፣ አንድ ጎማ በአንድ ጊዜ። ከኋላህ ያለው ባጃጅ ጥሩንባ ይነፋል። ይንፋ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የቤቱን ኮሮላ ሸጦ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ሊገዛ ነው። የ6 ዓመትና የ1 ዓመት ልጆች አሉን። «ትንሹን አንቺ ታቅፊዋለሽ፣ ትልቋ መሃል ትቀመጣለች» ይለኛል። እኔ አብዷል ባይ ነኝ። አንተን ስለሚያነብ ንገርልኝ። (የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ። አሁን ፊቴን ወደሱ ላዙር።

ወንድሜ፣ መሃል የሚባል ቦታ የለም። መሃል ያለው ካምቢዮና የእጅ ፍሬን ነው። ሊብሬው ላይ የሚጻፈው የሰው ብዛት 2 ነው፣ ትራፊክ ቢያቆምህ የምትመልሰው የለህም። እሱ ቀላሉ ነው። በ50 እየሄድክ ብትጋጭ ታቅፎ የተያዘ የ10 ኪሎ ሕፃን እጅ ላይ አይቀርም፣ የማንም እናት ክንድ አይችለውም። የሕፃን ወንበር አስራለሁ ብትል ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ የሚያዞር ወንበር ኤርባግ ካለበት የፊት መቀመጫ ላይ ፈጽሞ አይታሰርም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ወንበሩን ይመታዋል። እዚህች መኪና ውስጥ ሌላ መቀመጫ የለም። ስለዚህ ጉዳዩ አለቀ።

ዕቃውም ያው ነው። የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 የኋላ ኮፈን 124 ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው። ኩንታል ጤፍ አይገባም። ቢገባም የመኪናዋን ክብደት በአንድ ጊዜ በአሥር በመቶ ጨመርክ ማለት ነው።

ኮሮላውን ሳትሸጥ ሁለተኛ መኪና አድርገህ ከገዛህ ግን ሌላ ወሬ ነው፣ ያኔ እኔም ካንተ ጋ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን አያታቸው ጋ ትታችሁ ሁለታችሁ ሶደሬ ደርሳችሁ ተመለሱ። እህቴ፣ ያኔ ደግሞ አንቺም ንጂያት እንጂ እሱ ብቻ መሪ ይዞ አይዋል።

ጥያቄ፦ የእኔዋ ኤምኤክስ-5 ጣሪያ የሚታጠፍ ነው፣ የኋላ መስኮቱ ፕላስቲክ። የአዳማ ነፋስና አቧራ እንደምታውቀው ነው። መስኮቱ ቢጫ ሆኖ ከኋላዬ ያለው ነገር ሁሉ ጭጋግ መስሏል። ባለፈው ክረምት ደግሞ ከወንበሩ ጀርባ ያለው ምንጣፍ ውሃ ጠጥቶ ሸተተ። ጣሪያው ግን የትም አልተቀደደም። ውሃው ከየት ነው የሚገባው? (የሸተተው፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ከተማችን አጠገብ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ለጌጥ አይደለም፣ አንደኛው 51 ሁለተኛው 153 ሜጋዋት ነው። ያ ሁሉ ነፋስ አቧራውን የሚያመጣው መኪናህ ላይ ነው፣ የምንጣፍህም ጠላት አቧራው ነው።

እንዴት በለኝ። ጣሪያው ላይ የወረደ ዝናብ ከኋላ ወደ ሁለቱ ማዕዘኖች ይፈስሳል። እዚያ የወንበር ቀበቶው ከታሰረበት ምሰሶ አጠገብ በግራና በቀኝ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች አሉ። ውሃው በነሱ ወርዶ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ለፊት መሬት ላይ መፍሰስ አለበት። አቧራና ቅጠል ሲደፍነው ግን መውጫ ያጣል፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ተመልሶ ምንጣፉን ያጠጣል፣ ግማሹ በበሩ ሥር ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝጋል። ቀለሙ አብጦ ስታየው ብረቱ ቀድሞ ሄዷል። እነዚህን መኪኖች የሚገድለው ሞተር አይደለም፣ ይሄ ነው።

ዛሬውኑ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘህ ውጣ። ጣሪያውን በከፊል አንሣና በማዕዘኑ ቀስ ብለህ አፍስስ። ከሥር ቶሎ ከወጣ ደህና ነው። ካልወጣ ለስለስ ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ወይ የኤሌክትሪክ ገመድ ቀስ እያልክ አስገባ፤ ጠንካራ ሽቦ የውስጡን ላስቲክ ይበሳዋል፣ ከበሳኸው ደግሞ ውሃው ለዘላለም ወደ ውስጥ ነው። ይህን ከክረምቱ በፊት አንዴ፣ ክረምቱ መሃል አንዴ አድርገው። የጠጣውን ምንጣፍ አውጥተህ ፀሐይ ላይ ዘርጋ፣ ሽቶ አትርጭበት።

መስኮቱን በተመለከተ፣ በደረቅ ጨርቅ ከጠረግኸው የአዳማን አቧራ እንደ አሸዋ ወረቀት እየተጠቀምክበት ነው። መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፍስስ፣ ከዚያ ለስላሳ ጨርቅና ቀለል ያለ ሳሙና። ጣሪያውን ከማጠፍህ በፊት የመስኮቱን ዚፕ ክፈትና ጠፍጣፋ አስተኛው፣ ተጣጥፎ ከታጠፈ መሃሉ ላይ መስመር ይሠራል፣ አንድ ቀን በዚያ መስመር ይሰነጠቃል። ቢጫነቱ የፀሐይ ነው፤ ትንሽ በፖሊሽ ይለሰልሳል፣ ከበዛ ግን ፕላስቲኩን ብቻ የሚቀይር ጥሩ የወንበር ልብስ ሰፊ ፈልግ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የመጣችው ሁለተኛዋ ሞዴል የኋላ መስኮቷ መስታወት ነው፣ ገና ልትገዙ ያሰባችሁ ለዚህ ብቻ እንኳ እሷን ብታስቀድሙ አልፈርድባችሁም።

ደግሞ ውስጧ ምንም አትተው። ቦርሳም፣ ጃኬትም፣ ባዶ የስልክ ካርቶንም። ሌባ በምላጭ የሚቀደው ጣሪያ ነው ያለህ፣ ውስጥ ከሚያገኘው ዕቃ ጣሪያው ይበልጥብሃል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ መካኒክ ነኝ። የ2000 ሞዴል ቶዮታ ኤምአር-ኤስ ሊሸጥልኝ የመጣ ሰው አለ። «ሞተሩ የኮሮላ ነው፣ ዕቃው እንደ ልብ ይገኛል» ይለኛል። ስትነሣ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ አይቻለሁ። ልጆቼ በዚህ ዕድሜህ ብለው ይስቁብኛል። ምን ይመክሩኛል? (ከወንጂ)

መልስ፦ ጋሼ፣ በመጀመሪያ ልጆቹን አይስሟቸው።

ሰውዬው የነገረዎት ግማሹ እውነት ነው። ሞተሩ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ነው፣ 1.8 ሊትር፣ ቶዮታ በዚያን ዘመን ኮሮላ ላይም የጫነው ነው። የውሃ ፓምፕ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሴንሰር፣ ዲናሞ ቢፈልጉ ሶማሌ ተራ ገብተው የሚወጡት ባዶ እጅዎን አይደለም። የሚቸግረው ሌላው ግማሽ ነው፦ ፓራውልቱ፣ መብራቱ፣ በሩ፣ ጣሪያው። እነዚህ የሷ ብቻ ናቸው። አንድ የፊት መብራት ቢሰበር ወራት ሊያስጠብቅዎት ይችላል፣ ስለዚህ አካሏ ሙሉ ካልሆነ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢያምር ይተዉት።

ጭሱን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት በዚህ የታወቀ ነው። ፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ትንንሽ ስለሆኑ በካርቦን ይደፈናሉ፣ የፒስተኑ ፋሻዎች (ዙሪያውን ያሉት ቀለበቶች) ይይዛሉ፣ ዘይት ይቃጠላል። ሌላም አለ። ጭስ መሰብሰቢያው ውስጥ ሁለት ትንንሽ ማጣሪያዎች አሉ፤ ሲያረጁ ይሰባበሩና ስብርባሪው ወደ ሲሊንደሩ ሊመለስ ይችላል። የኦክስጅን ሴንሰሩን ፈትተው በቀዳዳው በመብራት ይመልከቱ፣ እርስዎ በደቂቃዎች የሚጨርሱት ሥራ ነው። ማጣሪያው ሙሉ ከሆነ ጥሩ። ተፈረካክሶ ካገኙት ሞተሩን ሊጠግኑ እንደሚገዙ አድርገው ዋጋውን ይነጋገሩ።

ሞተሩ ከወንበርዎ ጀርባ ነው፣ ራዲያተሩ ግን ከፊት። የውሃው ቱቦ ከመኪናዋ ሥር ረጅም መንገድ ይሄዳል። ውሃ ሲቀየር አየሩ በሚገባ ካልወጣ ትግላለች፣ ብዙ ጋራዥ እንደ ኮሮላ ሞልቶ ይሰጣል። እርስዎ አይስጡ፣ ራሶት ይሥሩት። ጎማዎቿም ይለያያሉ፣ የፊቱ 185/55 በ15፣ የኋላው 205/50 በ15 ነው፤ ጎሚስታው «አዟዙሬልዎታለሁ» ቢል እሺ እንዳይሉ።

አንድ ነገር ስለ አነዳድ። ክብደቷ ከመሃል ወደ ኋላ ስለሆነ ከአሰላ ሲወርዱ ኩርባ መሃል ደንግጠው እግርዎን ከቤንዚን ላይ በአንዴ ካነሡ ኋላዋ ሊዞር ይችላል። ፍጥነትዎን ኩርባው ሳይደርስ ይቀንሱ፣ ከዚያ እግርዎን አለስልሰው ይዘው ይውጡ። ከረጅም ደረቅ ወር በኋላ የጣለ የመጀመሪያ ዝናብ ላይማ አቧራውና ዘይቱ ተለውሶ መንገዱ ሳሙና ነው፣ ያን ቀን ቤት ትዋል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ያለው ወንድሜ ጥሩ ሎተስ ኤሊዝ አግኝቷል፣ ልላክልህ እያለኝ ነው። እንዴት ላስገባት? (የሎተሱ፣ ከሞጆ)

መልስ፦ አታስገባትም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ወንድምህ እዚያው ይንዳት፣ አንተ ስትሄድ ቁልፉን ተቀበለው።

ባትከለከልም ቅር እንዳይልህ ይህን ልንገርህ። ኤሊዝ እ.ኤ.አ. በ1996 ስትወጣ 725 ኪሎ ገደማ ነበረች፣ በጣም የምወዳት መኪና ናት። ግን አጽሟ በማጣበቂያ የተያያዘ አሉሚኒየም ነው፣ ልብሷ ፋይበር ግላስ። እዚህ ላሜራ የሚቀጠቅጥ ጎበዝ ባለሙያ ሞልቷል፣ ለሷ ግን መዶሻው አይሠራም። አጽሙ ከተጎዳ ማን እንደሚነካልህ አላይም።

ኤሌክትሪክ ስለሆነ ይገባል ብለህ ተመሳሳዩን ካሰብክ ደግሞ ክብደቱን አስብ። የመጀመሪያው ቴስላ ሮድስተር የተሠራው ከሎተስ ኤሊዝ በመነሣት ነው፣ እ.ኤ.አ. 2008 ላይ ሲወጣ ግን 1,300 ኪሎ ገደማ ሆኖ ነበር። ልዩነቱ በአብዛኛው ባትሪ ነው።

ስለዚህ የቀረን እዚሁ አገር ውስጥ ያለው ነው። ይህ ደግሞ ወረቀቱን ከመኪናው በላይ እንድትፈትሽ ያደርግሃል። እንዲህ ያሉ መኪኖች በቀረጥ ነፃ መብት የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም፣ ውክልና ይዘህ ለዓመታት በሰው ስም ትነዳለህ፣ አንድ ቀን ሻጩ ስልክ አያነሣም። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳክር፣ የዓመቱ ቦሎ ተደርጎ እንደሆነ እይ፣ እዳና እገዳ እንደሌለባት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ። መሪዋ በቀኝ ከሆነ ደግሞ ሌላ ፈልግ። ጃፓን ውስጥ «ዩኖስ ሮድስተር» ተብላ የተሸጠችው ኤምኤክስ-5 እንዲያ ናት። እዚህ መንገድ ላይ በዚያች ቁመት፣ በቀኝ ተቀምጠህ ሲኖትራክ ለማለፍ ስትወጣ የሚታይህ የሲኖትራኩ ጎማ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ኤምኤክስ-5 ቤንዚን ትበላለች? ፈጣን መንገዱ ላይ ነፋሱ አይጥላትም? (ሁለት በአንድ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አትበላም። በጤናዋ ከሆነች 100 ኪሎ ሜትር በ8 ሊትር ገደማ ትሄዳለች። ጋኗ 45 ሊትር ነው፣ ስለዚህ ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ማደያ ላይ እንደ ባጃጆቹ ቶሎ ቶሎ አትሰለፍም።

ነፋሱ አይጥላትም፣ ይገፋታል። ዝቅ ያለች ስለሆነች ከሚኒባስ የተሻለች ናት፤ የሚያስቸግረው ትልቅ መኪና ስታልፍ ነው። ከጎኑ ስትሆን ነፋሱ ድንገት ይቆማል፣ ስታልፈው ድንገት ይመጣል። መሪውን በሁለት እጅ ያዝ። መንገዱ እስከ 120 ይፈቅዳል፣ ጣሪያው ክፍት ሆኖ ግን በ120 ከጎንህ ካለው ሰው ጋ በምልክት ነው የምትነጋገሩት። በ100 ይወራል። ከባድ መኪና አጠገብ ደግሞ አትቆይ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ሾፌሩ ቁልቁል አያይህም። ቀን ቢሆንም መብራትህን አብራ።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1.90 ነው። ኤምኤክስ-5 ውስጥ እገባለሁ? (ረጅሙ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሄደህ ተቀመጥባት፣ ግን ጣሪያዋን ዘግተህ። ክፍት ሆና ስታያት ለሁሉም ትበቃለች፣ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ክፍት አድርጎ ነው የሚያሳይህ። ጭንቅላትህ ከነካ የወንበሩ ስፖንጅ ከውስጥ ተቆርጦ ትንሽ ይወርዳል፣ ብዙዎች ያደርጉታል። ጉልበትህ መሪውን ከነካ ግን ምንም አይደረግም። ሰፊ ስኒከርህንም አውልቀህ ሞክር፤ ፔዳሎቹ ተጠጋግተው ነው ያሉት፣ ፍሬን ስትረግጥ ቤንዚኑንም አብረህ እንዳትረግጥ።